የማይክሮዌቩ ቦታ

«እሳት አይደለም እኮ!» እትዬ አረጋሽ የምስር ወጥ የሞላውን ድስት እንዳቀፉ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ተሟገቱ። «ጭስ የለው፣ ነበልባል የለው። ሁለት ደቂቃ አሽከርክሮ ያወጣዋል፤ በቃ።»

«ሦስቱ ቀን ሳይሞላ በሐዘንተኛ ቤት ምንም አይሞቅም» አለች ጎረቤቷ ጀውሀራ። «ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ ጀንበር ጠልቃ መግሪብ እስኪል ይታገሱ።»

«እስከዚያ ወጡ በረዶ ይሆናላ!»

«በጁባ ሙቀት?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀችና ወዲያው አፏን በሻሿ ከደነች። ዙልፋ አልሳቀችም። ከወጥ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣ የበሩን መድረክ ታያለች። ባሏ ሙደሲር የወደቀው እዚያ ላይ ነው። ሴቶቹ ሲሚንቶውን በኦሞ ፈትገው ፈትገው ከሌላው ወለል አንጥተውት ነበር፤ ይበልጥ የሚታየውም ለዚሁ ነው። እሷ ግን በሦስቱ ቀን አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣችም። ግራ ጉንጯ አብጦ ጠቁሯል። ለቀስተኞቹ በሐዘን ፊቷን የመታች መስሏቸው ሲገሥጿት ሰነበቱ።

«ፊት መምታት ሐራም ነው፣ እህቴ» ትላታለች ጀውሀራ፣ ደጋግማ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። እንደ ሙደሲር ያለ ባል ማጣት ከባድ ነው፣ እናውቃለን።»

መቼም ከሞተ በኋላ ደግ ያልነበረ ሰው የለም።

እትዬ አረጋሽ አትላባራ ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ሥጋቸው በዚህ ቤት እንደማይበላላቸው ስለሚያውቁ ሦስቱንም ቀን ምስርና ሽሮ ሲያመላልሱ ነበር። ወደዚህ የሚያመጣው የጉዴሌ መንገድ በዝናብ ቦክቶ የሚሳፈሩበት ሞተር እየተንፏቀቀ ስለሚመጣ ወጡ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይደርሳል።

«እሺ፣ መግሪብ ይድረስ። እስከዚያ ግን ቦታ እንፈልግለት» አሉና ከወለሉ ጥግ ጨርቅ የለበሰውን ማይክሮዌቭ ገለጡት። አንድ ማዕዘኑ ተጨፍልቋል። «ፍሪጁ ላይ ብናወጣው?»

«ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያወርደዋል» አለች ጀውሀራ።

«ምድጃው አጠገብስ?»

«በዘይት ይበላሻል።»

«መስኮቱ ጋ ይሁና! ሶኬቱም እዚያው ነው።»

መስኮት የሚለውን ስትሰማ የዙልፋ እጅ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ሥር ሄደ። እትዬ አረጋሽ የማይክሮዌቩን በር ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። «ሳህኑስ? ያቺ ክብ መስታወት የት ሄደች?»

«ተሰብራለች» አለች ዙልፋ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«የትም አድርጉት፣ ብቻ ከበሩ ኋላ አታድርጉት» አለች ጀውሀራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በለቅሶ ቤቱ ያለው ወሬ እንዲህ ነው። ቅዳሜ መግሪብ ላይ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ሙደሲርን ከሱቁ ተከትለውት መጡ። ነፍሱን ሊያድን ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠ። ይሁንና ማይክሮዌቩ የተጫነበት ጠረጴዛ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበርና በሩ አልከፈት አለው። ስለዚህ የገደለው ጥይቱ ብቻ አይደለም፣ ያ ዕቃም ጭምር ነው ይባላል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ከቢር ከሸሪካት ሰፈር መጥቶ አስከሬኑን እንዳየ ወንዶቹ መሃል ቆሞ ምሏል፤ «ያንን ጠረጴዛ እዚያ ያቆመው ሰው ወንድሜን ገድሎታል። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ያ ሰው ዙልፋ ናት። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ከቢር ደግሞ እጁ እንደ ወንድሙ እጅ ፈጣን ነው። ይህን ግቢ የተከራየው፣ የመኖሪያ ወረቀቷንም በስሙ ያስወጣላት እሱ ነው፤ ቢያወጣት በዚህ አገር ከእትዬ አረጋሽ በቀር የምትጠጋበት ሰው የላትም።

ሙደሲር ማይክሮዌቩን ያመጣው ሐሙስ ነበር። መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየው።

«ሌባ ትጠራብናለህ» አለችው።

«ሰው ይይልኝ! ይቅናልኝ!»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አውርዳ ጥግ አስገባችው። ለምሳ መጥቶ መስኮቱን ባዶ ሲያገኘው ምንም አልጠየቀም። ክቡን የመስታወት ሳህን ከውስጡ አወጣና በእሱ ጆሮዋ ሥር መታት። ሳህኑ ተሰበረ። ስትወድቅ በጫማው ጎኗን ረገጣት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር ተወች። ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ እስከ መስኮቱ ጎተታትና ፊቷን ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር አላተመው።

«እዚህ ነው ያልኩሽ! ማታ ስመጣ እዚህ ካላገኘሁት ከመሬት እደባልቅሻለሁ!»

ይኸው ሰው አምና ወባ ጥሏት መኪና የጠፋ ዕለት አዝሏት እስከ ክሊኒኩ እየሮጠ ሄዷል። ጭቃው ነጠላ ጫማውን በልቶበት ባዶ እግሩን ሲሮጥ ጀርባው ላይ ሆና የልቡን ምት ትሰማ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ያንገበገባትም ሁለቱም እውነት መሆኑ ነው።

እሱ ወደ ሱቁ ሲመለስ ዙልፋ ከወጥ ቤቱ አልወጣችም። የበሩን መወርወሪያ ባለፈው ወር ሙደሲር በእርግጫ ነቅሎታል። ስለዚህ ጠረጴዛውን ጎትታ ከበሩ ኋላ አቆመችው። እንዲከብድ ማይክሮዌቩን ጫነችበት። ከዚያ ቁጭ ብላ ማታን ጠበቀች።

መግሪብ ላይ ሩጫ ሰማች። «ዙልፋ! ክፈቺ! ክፈቺ!» በሩ በቡጢ ተደበደበ። ድምፁ ያው የምታውቀው ነው፣ ቡጢውም ያው። ጀርባዋን ለማይክሮዌቩ ሰጥታ እግሯን ምድጃው ላይ ተከለችና ገፋች። በሩ ስንዝር ታህል ተከፍቶ አራት ጣቶች ገቡ። ይበልጥ ገፋች።

«ዙልፍዬ!» አለ።

ከደበደባት በኋላ ይቅርታ ሲለምን ብቻ የሚጠራት ስም ነው። ማታለያ መሰላት። «ጉሩሽ ወይን?» የሚል የማታውቀው ድምፅ የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ የት አለ ማለታቸው ነበር። መልሱን አልጠበቁም። ሁለት ጊዜ ተተኮሰ፣ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ጣቶቹም ከበሩ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ ለቀቁ። ጎረቤት ደርሶ በሩን በትከሻ ገፍቶ ሲበረግደው ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ እሷም አብራ ወደቀች፤ ጎረቤቱም ከጥይቱ የተሸሸገች መሰለው።

የመግሪብ አዛን ሲያበቃ ከቢር ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድንኳን ተነስቶ መጣ። ሴቶቹ ማይክሮዌቩን ለሁለት ይዘው መሃል ወለል ላይ ሲያመነቱ አገኛቸው።

«አስቀምጡት» አላቸው። አስቀመጡት። «እስካሁን ሳለቅስ ነበር። አሁን እጠይቃለሁ። ከበሩ ኋላ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አረጋሽ ቀደም ብለው። «አርብ ለት መጥቼ እዚህ ይሁን ያልኳት እኔ ነኝ። የአሮጊት ምክር ነው፣ ይቅር በለኝ።»

«እሳቸው አይደሉም» አለች ዙልፋ ከፍራሹ ተነስታ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ ከቢር። ከኋላውም ሆኜ የገፋሁት እኔ ነኝ። ክፈቺ ሲለኝ ሊመታኝ የመጣ መሰለኝ።»

«ምን አልሽ?»

ሻሿን ወደ ኋላ ሳበችው። ከጆሮዋ ሥር የደረቀ ደም ፀጉሯን አጣብቆታል። «እትዬ አረጋሽ የማይክሮዌቩ ሳህን የት ሄደች ሲሉ ነበር። እዚህ ላይ ነው የተሰበረችው። ፊቴንም እኔ አልመታሁትም።»

ጀውሀራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሙት ትወቅሻለሽ? ገና በሦስተኛው ቀን?» ከቢር ወደ እሷ ተራመደ፤ ክንዱ ተነሳ። እትዬ አረጋሽ ከነድስታቸው መሃላቸው ገቡ።

«በሕይወት እያለም ነግሬዎታለሁ» አለች ዙልፋ፣ ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ እያየችው። «ሸሪካት ድረስ መጥቼ። ለስላሳ ገዙልኝ። ቁጣው ላፍታ ነው፣ ቻይው አሉኝ። የሞተሩንም ሂሳብ ከፍለው መለሱኝ።»

ከቢር ክንዱ አየር ላይ ቀረ። የሚመታው አጣ። ዞረና የወጥ ቤቱን የቆርቆሮ በር ባለ በሌለ ኃይሉ በቡጢ መታው። ደገመው። ሠለሰው። በሩ እየተወዛወዘ ሄዶ ተዘጋ።

ያ ድምፅ ዙልፋን ከቆመችበት አስፈነጠራት። ማንም ሳይዛት ዘላ በሩን በሁለት እጇ በረገደችው፤ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ተመልሶ መጣ። እንደገና በረገደችው። እንደገና ተመለሰ።

«ከፈትኩ!» አለች። «ይኸው ከፈትኩ!»

ከቢር የተላጠ እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዙልፋ ማይክሮዌቩን አቀፈች። ከባድ ነው፤ ጎኗን ወግቷት ተንፈስ አለችና መሬት ለመሬት ገፋችው፤ በመድረኩ አጠገብ አሳልፋ፣ በሩን እስከ ግድግዳው ከፍታ፣ እንዳይመለስ ከሥሩ አስደገፈችው።

«እህቴ፣ እየመሸ ነው» አለች ጀውሀራ በፈራ ድምፅ። «በሩ ይዘጋ፤ ሌባ ይገባል።»

«ክፍት ይሁን።»

እትዬ አረጋሽ ድስቱን መሬት ላይ አኖሩት። ስለ ማሞቅ ያነሳ አልነበረም።

ዙልፋ መድረኩ ላይ፣ በነጣው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። «ዙልፍዬ ብሎኝ ነበር» አለች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። አንድ እጇን ዘርግታ ማይክሮዌቩን ወደ በሩ ይበልጥ አስጠጋችው፤ አራቱን የእጇን ጣቶች የሙደሲር ጣቶች ይዘውት በነበረው የበሩ ጠርዝ ላይ አኖረቻቸው።