የዕውሩ ጀልባ ቀዛፊ የመጨረሻ ቃል

እኔ ከህንድ ፊልም ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። አባቴ አሳምነው በጎረምሳነቱ ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም ያስተረጉም ነበር፤ ሸራው አጠገብ ቆሞ፣ በቆርቆሮ መለከት፣ ተዋንያኑ የሚሉትን በአማርኛ ለሕዝቡ ይጮህለታል። እኛ ልጆቹ ታዲያ ራት በቀረበ ቁጥር ስለ ዝናብና ስለ ዘፈን፣ ስለ ዕውርና ስለ ፍየል ስንሰማ አደግን። "ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!" ትላለች እናቴ። ማን ሰምቷት! እሱ ፍየሏን ወንዝ ሳያሻግር እጁን አይታጠብም።

ከዚያ ሁሉ አምልጬ ደቡብ አፍሪካ ስገባ፣ ጆበርግ ላይ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ የህንድ ፊልም ጸሐፊ ልጅ ሆነው ቁጭ አሉ። ፈጣሪ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

አንቲ ራዚያ ይባላሉ፤ እዚህ ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲ ነው። ሰማንያን የዘለሉ፣ ከሲታ፣ ሻያቸው ላይ ዝንጅብል የሚያበዙ ሴት ናቸው። ሜይፌር ካለው ግቢያቸው ጓሮ አንዲት ክፍል ሰጥተውኛል። ካሳነሽ ማለት አቅቷቸው "ካሲ" ይሉኛል። እዚህ አገር ካሲ ማለት እነ ካትሌሆንግ፣ እነ ቶኮዛ፣ የጥቁሮቹ ሰፈር ማለት ነው። በራቸው ላይ ቆመው "ካሲ! ካሲ!" ሲሉ መንገደኛው ለሚኒባስ ታክሲ ሰው የሚጠሩ ይመስለዋል። ስንቴ ነገርኳቸው፤ ወይ ፍንክች!

ኮሮና መጥቶ አገሩ ሲቆለፍ ጄፒ በሚባለው የገበያ ሰፈር ያለችው የመጋረጃ ሱቄ ተዘጋች፣ የሳቸውም ልጅ ደርባን ላይ ቀረ፣ መንገዱ ላይ ወታደር ቆመ። ግቢው ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። እሳቸው በመስኮታቸው፣ እኔ ከውጭ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በመሐላችን ማስክና የመስኮት ብረት። ወሬ ሲያልቅብን ነው አባታቸውን ያመጡልኝ።

አባታቸው አብዱልሀፊዝ ቦምቤይ የገባው ፊልም ገና ድምፅ ሳይኖረው ነው አሉ። ሥራው በምስሎቹ መሐል ብቅ የሚሉትን ጽሑፎች መጻፍ ነበር። ኋላ ፊልም አፍ አወጣ፤ ያኔ ጉድ ፈላ። መልከ መልካሞቹ ተዋንያን አፋቸውን ከፍተው ምን ይበሉ? በየስቱዲዮው ሙንሺ ይፈለግ ጀመር። ሙንሺ ማለት ቋንቋ አዋቂ ጸሐፊ ማለት ነው። ንጉሡ ምን ብሎ ይቆጣ? ሙንሺን ጥሩት። ሌባው ምን ብሎ ይማል? ሙንሺን ጥሩት። ስሙ ግን ሸራው ላይ አይወጣም፤ ቢወጣም ተሳስቶ ነው።

"ደግሞ አይጽፍም እኮ፣" አሉኝ አንቲ ራዚያ። "ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ የንጉሡንም፣ የአሮጊቷንም፣ የሙሽራይቱንም በየድምፃቸው ይናገራል፤ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። እኔ መጋረጃ ጀርባ ተደብቄ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ።"

"ፊልሞቹንስ አይተዋቸዋል?"

"የኛ ቤት ሴት ልጅ ሲኒማ ትገባለች? አብደሻል?"

አፍ ለሌለው ሁሉ አፍ የሚሰጥ ሰው! አገር ምድሩ የሱን ቃል እየደገመ ይሄዳል፣ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። ከህንድ ፊልም ጋር የተጣላሁት ሴትዮ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሻይ ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ አቃተኝ።

ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና አንቲ ራዚያ ማሳል ጀመሩ። ኮሮና ነው ተባለ። ልጃቸው በስልክ ተሯሩጦ ሆስፒታል አልጋ አገኘላቸው፤ አምቡላንስ በማግስቱ ጠዋት ሊመጣ ተቀጠረ። በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን በአምቡላንስ የሄደ ሰው ብዙም አይመለስም ነበር። ኋላ እሳቸው ተመልሰዋል፣ ዛሬም ካሲ ይሉኛል፤ ያን ቀን ግን ማን ያውቃል?

"መሞቱ አይደለም የቆጨኝ፣ ካሲ፣" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ያ ሽማግሌ ምን እንዳላት ሳላውቅ መሄዴ ነው።"

"የቱ ሽማግሌ?"

አባታቸው የጻፈው አንድ ፊልም ነበር። ዕውር ጀልባ ቀዛፊ አለ፤ አንዲት ልጁ ወንዝ ማዶ ልትዳር ነው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ሲሸኛት አንድ ነገር ሊላት ይገባል። አብዱልሀፊዝ ያቺን አንድ ነገር አጣት። "ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ" ይልና ይቆማል። ዞሮ ይመጣል፣ "ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ" ይላል፣ ይቆማል። ትንሿ ራዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ቃሉ የመጣለት ፊልሙ የሚቀረጽ ዕለት፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነ። እሷ አልሰማችም። ፊልሙ የተቀመጠበት መጋዘንም ኋላ ተቃጠለ።

"እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለጆበርግ ሰው ተዳርኩ፣" አሉ። "ስወጣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ምንም አላለኝም። ለዓለም ሁሉ ቃል የሚያድል ሰው፣ ለኔ ሲሆን አንዲት ቃል አጣ! ጋሪው ላይ ሆኜ ዞር ስል ገብቷል። በሩን እንኳ መዝጋት ከብዶት፣ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ከዓይኔ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። ለፊልሟ ልጅ ያላትን ብሰማ ለኔ እንዳለኝ እቆጥረው ነበር።"

የኔም አባት ኤርፖርት ሲሸኘኝ ያለኝ "ጆሮሽ እንዳይደፈን ማስቲካ ግዢ" ብቻ ነው።

"ፈረስ ነበር የጻፈው፣" አሉ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "ሙሽራይቱ ከፈረሷ ጋር እንድትሻገር። ባለ ስቱዲዮው ፈረስ ውድ ነው ብሎ በፍየል ቀየረበት። አባቴ እንዴት ተናደደ! አንገቷ ላይ ደወል አሰረላትና..."

ከወንበሬ ተነሳሁ። "ደወል? ፍየሏ ጀልባው ላይ ትወጣለች?"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

በምን አወቅኩ! ያቺ ፍየል ስንት ራት አቀዝቅዛብናለች! ይህን አባቴ ያስተረጎመው ፊልም ነው አልኳቸውና ድሬዳዋ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ያ ዕውሩ ጀልባ ቀዛፊ..."

"ፍየሏ!" አለ አባቴ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳይለኝ። "ያን ክረምት ሌላ ፊልም ሳይመጣልን ቀርቶ በየቀኑ እሷኑ ነው ያሳየነው።"

"መጨረሻ ላይ ልጁን ምን ይላታል?"

"ልጁን? ለቤቱ ነው እንጂ የሚያለቅሰው! 'ቤቲ፣ ቤቲ' ይላል፤ ጥርስ የለውም መሰለኝ፣ ቤቴ ለማለት ነው። ከዚያ 'ባንድ' ይላል። ቤቴን ባንድ ቀን ጎርፍ ወሰደው ማለት ነው። ሕዝቡን በእንባ አጥቤዋለሁ። አንዳንዱ ነገረኛ 'ቤቱ ያው ከኋላው ቆሞ የለም ወይ!' ብሎ ይጮሃል። 'ዝም በል፣ ዕውር ነው፣ አያየውም!' እለዋለሁ።"

"አባዬ፣ ህንድኛ ታውቃለህ?"

"ከየት አምጥቼ? መጀመሪያ አንድ ህንድ ጨርቅ ነጋዴ ፍቺውን ይነግረኝ ነበር፤ እሱ አገሩ ከገባ ወዲህ በራሴ ነው የተወጣሁት።"

በቃ፣ ሴትዮዋን ለከንቱ አጓጓኋቸው ብዬ ስልኩን ልዘጋ ስል አባቴ ቀጠለ። "ፍቺውን አላውቅ ይሆናል፤ ቃሉ ግን አለ። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስደግም ግዕዙ ይገባኝ ነበር እንዴ? ጆሮዬ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ልበልልሽ?"

አከራዬ አጠገቤ ሆነው እንደሚሰሙት ነግሬው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።

አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ህንድኛ በዳዊት ንባብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። የልጅቱን በቀጭን፣ የሽማግሌውን በወፍራም፣ የፍየሏን ደወል ሳይቀር "ቅል ቅል" እያለ ተወጣው። አንቲ ራዚያ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ከዚያ ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀስ ጀመር። መጋዘኑ ተቃጥሏል፣ ሰውዬው ሞቷል፣ ሸራው የለም፤ ቃሉ ግን ፍቺውን የማያውቅ አንድ ሐበሻ ጆሮ ውስጥ ገብቶ፣ ስልሳ ዓመት ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሎ ኖሯል። አቤት ያንተ ሥራ!

"ጃ ቤቲ፣ ጃ፣" አለ አባቴ። "ሜ ዳርዋዛ ባንድ ነሂ ካሩንጋ።"

አንቲ ራዚያ የመስኮቱን ብረት ጨበጡ።

"ቤቲ ልጄ ማለት ነው፣" አሉኝ። "ባንድ ደግሞ ዝግ። ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ። እኔ በሩን አልዘጋውም።"

እንባቸው ማስኩ ውስጥ ገባ። "ብሎኛል፣ ካሲ! ያን ቀን ብሎኛል። በሩን ክፍት የተወልኝ እኮ..." ሳል አቋረጣቸው፤ እየሳሉም ይስቃሉ። "እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ተቀየምኩት!"

"ምን አሉ ሴትዮዋ?" ይላል አባቴ ከስልኩ። "ስለ ቤቱ ነው አይደል?"

ነገርኩት።

"የሰው ልጅ ቤት አድርጌ!" አለ። "ያን ሁሉ ሕዝብ ለጭቃ ቤት አስለቅሼ!"

"እንዲደግሙልኝ ንገሪያቸው፣" አሉ አንቲ ራዚያ።

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አባቴ ተነስቶ ቆመ። የወጣው ድምፅ የሽማግሌ አልነበረም፤ ያ የሲኒማ ቤቱ፣ የቆርቆሮው መለከት ድምፅ ነው። መጀመሪያ በህንድኛው አለው። ቀጥሎ እንደ ድሮ ሥራው አስተረጎመው፤ ያቺን ቃል በትክክል ሲያስተረጉማት የመጀመሪያው ነው።

"ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ። እኔ በሩን አልዘጋውም።"

ለማን ነው ያስተረጎመው? አንቲ ራዚያ አማርኛ አይሰሙም። በዚያ ግቢ አማርኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።