ዋስ ያጣ ዕርቅ

ውብነሽ ከአዲስ አበባ ወደ አርብ ገበያ የተመለሰች ሰሞን መንደሩ ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ «ምነው ወረድሽ?» ሰማይ ላይ ትሠራለች ሲባል የሰማ ሰው ነውና አይፈረድበትም። እሷም «ዕረፍት ላይ ነኝ» እያለች ክረምቱን ገፋች። ግን ይህን ያህል የሚረዝም ዕረፍት ማን ሰምቶ ያውቃል? ሰው ሲወድቅ የሚያነሳው ይጠፋል እንጂ የሚያየው መቼ ይጠፋል! መስከረም ሲጠባ መባረሯን የማያውቅ አልነበረም። ለምን እንደተባረረች ግን ለእናቷ ለወይዘሮ ቦጋለች እንኳ ደፍራ አልነገረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ውብነሽ «ጣና አየር መጓጓዣ» በሚባል ኩባንያ ሆስተስ ነበረች። በዚያ ኩባንያ ያገባች ሆስተስ ወዲያው ትሰናበታለች፤ ደንቡ ነው። ባለትዳር የቀዳችውን ሻይ መንገደኛው አልጠጣም ይል ይመስል! ደጊቱ የምትባል ባልደረባቸው ስታገባ የሠርግ ስጦታዋ ስንብት ሆነ። ያን ጊዜ የጣና ሆስተሶች በማኅበራቸው መከሩና «ደጊቱ ካልተመለሰች፣ ደንቡም ካልተሻረ አንሳፈርም» ብለው ተቀመጡ። የማኅበሩ መሪ ውብነሽ ነበረች። አውሮፕላን ያለ ሆስተስ መንገደኛ ይዞ አይነሳም፤ ስለዚህ አለቆቹ ቶሎ ይረታሉ ብለው አምነው ነበር።

አልተረቱም። «ንሥር» ከሚባለው ከሌላው ኩባንያ ሆስተሶች ተውሰው አመጡ። የንሥር ሴቶችም የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ መሪያቸው የሻረግ ትባላለች፣ የእስቴ ልጅ። ውብነሽ ሜዳው ዳር ቆማ፣ የሻረግ ሴቶቹን አስከትላ የጣናን አውሮፕላን ደረጃ ስትወጣ በዓይኗ በብረቱ አየች። የወንዟ ልጅ! ዘወር ብላ እንኳ አላየቻትም። አድማው በዚያው ተበተነ። ደጊቱ በወጣችበት ቀረች፣ ውብነሽም «አሳማጭ» ተብላ ተከተለቻት።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጥቅምት ላይ፣ የዓርቡ ገበያ በተበተነ ማግስት እናትና ልጅ ደጅ ተቀምጠው እሸት ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ውሻው ጮኸ። ቀና ሲሉ አጥሩ በር ላይ ሦስት ሰው ቆሟል። አንዱ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሞላ ናቸው። ከጎናቸው ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ መስቀል የያዙ ሽማግሌ ቄስ፣ በቅሏቸውን ከኋላቸው አቁመዋል። በመካከላቸው አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ጎንበስ ብላለች። ጫማዋ የከተማ ጫማ ነው፤ ጭቃ በልቶት ቀለሙ ጠፍቷል።

«ግቡ እንጂ! ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

«አንገባም» አሉ አያ ሞላ። «የሽምግልና ነው። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ውኃም አንቀምስ።»

ፊቷ ባይታይም ውብነሽ ማን እንደሆነች አውቃለች። ጭኗ ላይ ያለው ባቄላ መሬት ፈሰሰ።

«ልጄ ውብነሽ» አሉ ቄሱ፤ «አለቃ ተክለ ማርያም እባላለሁ። የመካነ ኢየሱስ ሰው ነኝ። ይቺ የሻረግ ልጄ ናት። በድላሻለች። ስለ አውሮፕላኑ ስትነግረኝ ግማሹ አልገባኝም፤ መበደሏ ግን ገብቶኛል። ስማዳ አድረን የመጣነው ይቅር በይን ልንልሽ ነው።»

«ማሪኝ» አለች የሻረግ ከድንጋዩ ሥር።

እዚያ አገር ድንጋይ ተሸክሞ፣ መስቀል አስቀድሞ የመጣን ሰው መመለስ እንዴት እንደሚያስወራ ውብነሽ ታውቃለች። ነገ ምንጭ ስትወርድ «ልቧ ደንዳና» ይሏታል፤ ደጅ ድረስ የመጣ ቄስ የመለሰች ተብላ ልጆቿ ሳይወለዱ ይሰደባሉ። ሥርዓቱ ለተበዳይ የቆመ ይመስላል፤ በር ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን የሚያፈጥጠው ተበዳይ ላይ ነው። እናቷም አፍጥጠውባታል፤ በያ ይማርሽ በያ፣ ይላል ዓይናቸው።

«ዛሬ ምን አስታወሰሽ?» አለች ውብነሽ።

«ደንቡ እኛም ጋ መጣ» አለች የሻረግ። አንገቷ ስለታጠፈ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። «ከኅዳር ጀምሮ ንሥርም ያገባችውን ያስወጣል። ሥራ እናቁም ብንል ከጣና ሴቶች ተውሰው ያመጡብናል። ማኅበራችሁ ጋ ሄጄ አንድ ላይ እንቁም ብላቸው፣ ‹ውብነሽ ይቅር ሳትልሽ እንኳን አብረንሽ ልንቆም ሰላምታሽንም አንቀበል› አሉኝ።»

«እንግዲያው የመጣሽው ስለበደልሽኝ አይደለማ! ስለቸገረሽ ነው።»

«ስለቸገረኝ ነው» አለች የሻረግ። «ባይቸግረኝ ፊትሽን የማይበት ድፍረት ከየት አገኛለሁ?»

ውብነሽ ይህን መልስ አልጠበቀችም። ሺህ ጊዜ በሐሳቧ ስትጣላት የሻረግ ሁልጊዜ ትዋሻት ነበር።

አያ ሞላ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «በሉ እንግዲህ! እኔ የማውቀው ሁለት ሴት የሚጣላው ወይ በባል ወይ በድንበር ነው። ይሄ ሁለቱም የለበትም። ይማርሽ በያትና እንቀመጥበት።»

«የድንበርም ጠብ ከዚህ አይከፋ፣ አያ» አለች ውብነሽ። «እኛ እርሻችንን ትተን ፍርድ ስንጠብቅ፣ እሷ በሬዋን ነድታ ገብታ አረሰችው።»

ይህ ገባቸው። አያ ሞላ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አለቃ ተክለ ማርያምም ልጃቸውን በዓይናቸው ጠርዝ አዩዋት። ለካ እንዲያ ነው ነገሩ! የአውሮፕላኑ ጉዳይ ገና አሁን ነው የጠራላቸው።

«ይማርሽ ማለት እችላለሁ» አለች ውብነሽ ቆማ። «ከአንገት በላይ ይሆናል እንጂ ምን ይከብዳል? ከዚያ እናንተ ትገባላችሁ፣ ጠላ ትጠጣላችሁ፣ እሷም ትሄዳለች። የጣና ሴቶች በኔ ቃል አምነው አብረዋት ይቆማሉ። ኩባንያዋ አንድ ነገር ሲቆርስላት ደግሞ የኛን ሴቶች ጥላ ደረጃውን ትወጣለች። አንድ ጊዜ አይቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የሻረግ፣ ዋስ ጥሪ!»

ዋስ ጥሪ! ደም ተፋሶ የታረቀ ዋስ ይጠራል፤ በርስት የተካሰሰ ዋስ ይጠራል። ዋስ ማለት ታራቂው ቃሉን ያጠፈ ዕለት የሚያዘው ሰው ነው። በሴቶች ጠብ ግን ዋስ ሲጠራ አያ ሞላ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም።

«ዘንድሮ ደግሞ ሴት ዳኛ መጣችብን» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አታዋርጂኝ!» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች።

አለቃ ተክለ ማርያም ግን አልተቆጡም። «ያባት ነው፤ እኔ ዋስ እሆናታለሁ» አሉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው።

«አባቴ፣ መስቀልዎን እሳለማለሁ» አለች ውብነሽ። «ግን እርስዎ አይሳፈሩ፣ ከሥራ አይባረሩ። ቃሏን ብታፈርስ እርስዎን ይዤ ምን ላደርግ ነው? በስተርጅና ልከስዎት? የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ለዚህ ዋስ አይሆንም።»

አለቃ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ከየሻረግ አገጭ ላብ ይንጠባጠባል። ውብነሽ አየቻትና አዘነችላት። በራሷም ተናደደች፤ ዓመት ሙሉ የያዘችው ቂም በላብ ጠብታ ሊቀልጥ ነው እንዴ!

«ዋስ አለኝ» አለች የሻረግ። ቀና አላለችም። «ካሴ ይባላል። የኩባንያችን መካኒክ ነው። ባሌ ነው።»

አለቃ ተክለ ማርያም የልጃቸው ድምፅ መሆኑን የተጠራጠሩ ይመስል ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«በሰማንያ ተጋባን፤ ዓመት አልፎናል። ደንቡ በኛ ቤት ገና ሳይጻፍም ያገባችን ሰበብ ፈልገው ያስወጡ ነበርና፣ ከምስክሮቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ለየብቻ ነው የምንኖረው። ኩባንያው የሰማ ቀን ያልቅልኛል። ካሴንም ‹ደብቀሃል› ብለው ያባርሩታል። ቃሌን ያጠፍኩ ዕለት ሄደሽ ተናገሪ፣ ውብነሽ። የሚያዘው ዋሴ እሱ ነው።»

«ዓመት አልፎናል ነው ያልሽኝ?» አለች ውብነሽ። «እኛ ስለ ደጊቱ ስንቀመጥ አግብተሽ ነበር?»

«አግብቼ ነበር።»

«እኮ! ላንቺም ነበር እኮ የተቀመጥነው!»

«አውቃለሁ። አንሄድም ብል ‹ይቺ ስለ ትዳር ምን አንገበገባት?› ብለው ይመረምሩኛል ብዬ ፈራሁ። ደረጃውን ስወጣ እንዳየሽኝ አውቃለሁ። ዞሬ ማየት አቃተኝ።»

ውብነሽ የበለጠ መቆጣት አምሯት ነበር። አልመጣላትም። ዓመት ሙሉ ስትጠላ የኖረችው አንዲት ኩሩ ሴት ነበረች፤ እዚህ ፊቷ የቆመችው ግን የፈራች ሴት ናት። እሷስ ብትሆን ለእናቷ እውነቱን ለመናገር ስንት ወር ፈርታለች? ድንጋዩን የሚያወርዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጉ እንዲያ ነው። እሷ ግን አልጠበቀችም። ሄዳ በሁለት እጇ ከየሻረግ ማጅራት አነሳችና አጥሩ ሥር ጣለችው።

«ይማርሽ። ከአንጀቴ ነው» አለችና አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ወይዘሮ ቦጋለችም አለቀሱ፤ ስለምን እንደሚያለቅሱ ግን ገና አልገባቸውም።

አያ ሞላ በእፎይታ ወደ ግቢው ሲገቡ አለቃ ተክለ ማርያም አልተከተሏቸውም። የበቅሏቸውን ልጓም ይዘዋል።

«ሰማንያ?» አሉ። «ስንቱን ሙሽራ በተክሊል ያጋባሁ ሰው፣ የገዛ ልጄን ጋብቻ በሰው ደጅ ልስማ? ሰው የበደልሽውን ልለምንልሽ ስመጣ፣ ለካ እኔን የበደልሽውን ደብቀሽ ኖሯል!» በቅሏቸውን አዞሩ።

የሻረግ እንደ ሐውልት ደርቃ ቀረች። ውብነሽ ግን ሮጣ ከበቅሎዋ ፊት እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ይማሯት!»

«አንቺ ደግሞ ቅድም ዋስ ካልጠራሽ ስትያት የነበርሽ፣ ምኗ ነሽ?»

«ዋሷ ነኝ» አለች ውብነሽ።

አለቃ ልጓሙን ለቀቅ አደረጉ። በቅሎዋ ሣር ትነጫለች። በመጨረሻ፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ ውብነሽን ጠየቁ።

«ሰውዬው ይጾማል?»

«ይጾማል፣ አባቴ!» አለች የሻረግ ከኋላ። «ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም!»

«መካኒክ ማለትስ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ሲበላሽ የሚጠግን ነው።»

«ይጠግን እስቲ» አሉ አለቃ፣ «እኔንም ሰብራችሁኛል።» ከዚያ ውብነሽን በክንዷ ይዘው አነሷትና ገቡ። የሻረግን ለፋሲካ ባሏን ይዛ እንድትመጣ አዘዟት እንጂ፣ የዚያን ቀን ከእሷ ጋር ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ውብነሽ በማግስቱ አብራቸው ተነሳች። ያን ሌሊት ለእናቷ የተባረረችበትን ሁሉ ነግራቸው ነበር፤ ወይዘሮ ቦጋለችም «ይህን ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ‹ምነው ወረደች› የሚሉኝን ሁሉ አፍ አስይዛቸው አልነበር?» ብለው ስንቋን ራሳቸው ቋጠሩላት። አዲስ አበባ ደርሳ የጣናን ሴቶች ሰብስባ የሆነውን ነገረቻቸው፤ የየሻረግን ትዳር ብቻ ዋጥ አድርጋ አስቀረችው። «ዳር ሲፈታ መሃል ዳር ይሆናል» አለቻቸው። «ትናንት ዳር እኛ ነበርን።» አንዳንዶቹ አኮረፉ፤ ደጊቱ ራሷ መጥታ «በኔ ስም አትጣሉ» እስክትላቸው ድረስ።

ኅዳር ላይ የሁለቱ ማኅበር ሴቶች በአንድ ጠዋት ተቀመጡ። ንሥር ወደ ጣና ላከ፣ ጣናም ወደ ንሥር ላከ፤ ደረጃውን የወጣች አልተገኘችም። አለቆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ዛቱ፣ ኋላ ግን መንገደኛው ተማርሮ ሲጮህባቸው ለድርድር ጠሯቸው። ደንቡ በሁለቱም ቤት ተሻረ። ደጊቱ ትመለስ ተባለ።

«አንዲት ሴት ግን አትመለስም» አለ የጣና ሥራ አስኪያጅ። «አሳማጯ።»

ውብነሽ የሴቶቹን ፊት ስታይ መናገር ያለባት እሷ እንደሆነች ገባት። እነዚህ ሴቶች ደመወዝ ካገኙ ሰንብተዋል። «ተቀበሉት» አለች። «ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? እኔ አገሬ ባቄላ አለኝ።» ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

የጣና ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። የንሥር ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ኮቱን ቆልፎ ወደ ራሱ ሴቶች ዞረ። የንሥር ነገር አልቋል፤ ይህ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

«በሉ ተነሡ፣ አውሮፕላኑ ይጠብቃችኋል» አላቸው።

የሻረግ ብድግ አለች። ሴቶቹም ተከትለዋት ተነሡ። ውብነሽ ጀርባቸውን ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች።

«ሥራ አስኪያጅ» አለች የሻረግ። «እኔ ባለትዳር ነኝ። ባሌ ካሴ ነው፣ መካኒኩ። ደንቡ ስለተሻረ አሁን አትነኩኝም። እስከ ዛሬ ግን ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ ተናግራ ሥራዋን ማስመለስ ስትችል አፏን ይዛ ቆየችልኝ።» ይህን ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

«ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የጠየቃችሁትን ሁሉ አግኝታችኋል!»

«ውብነሽን» አለች የሻረግ።