የተጣበቀው ቮላኖ

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ባሌ ኡመይር ምላጩን ከነእጀታው ነው የሚውጠው።

ዘንድሮ እሸት ቡናችን በተለቀመ ዕለት የመፈልፈያው ሞተር ተኝቶ ቀረ። ሊሙ ገነት ላለን ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ጥፋቱስ ታውቋል። ሞተሩ ጎን የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ፣ ቮላኖ የሚሉት አለ፤ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሽብልቅ ተቆርጣለች። እሷን ለመቀየር ቮላኖው መውለቅ አለበት፤ እሱ ደግሞ ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል።

ኡመይር ያንን ሞተር ያገባው ከኔ በፊት ነው። ካቻምና በሽታ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ ግን ቀኝ እጁ ማንኪያ እንኳ አይይዝለትም። ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ መዶሻውን በግራው ይዞ ቮላኖውን ይቀጠቅጣል። ጎረቤቶቻችን ቆመው ያያሉ። እኛ ጋ ከታላቅ ሰው እጅ መሣሪያ መቀበል «በቃዎት፣ ደክመዋል» ማለት ነውና ማንም አይደፍርም። ብረቱ ሊሰነጠቅ እንደሚችል እያወቁ «ማሻአላህ፣ ትንሽ ቀረው» ይሉታል። በትህትናቸው ቡናዬን ሊቀብሩት! እኔስ መቼ ደፈርኩ? አንጀቴ እያረረ ጅማ ደወልኩና ጊንጆ ሰፈር ጋራዥ ያለውን መካኒክ፣ ሶሬሳን፣ ጠራሁት።

ሶሬሳ ከሰዓት ደረሰ። መዶሻውን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም፤ ባሌን እንደ ሰፈሩ ሰው በልጃችን ስም ጠራው።

«አባ ነጅላ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እንደያዙት ይቆዩልኝ። እኔ ላጥብቅ፣ እርስዎ ይመታሉ።»

ባለሦስት እግሩን መንቀያ ቮላኖው ላይ አሰረ። የመሀሉን ብሎን የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ድረስ አጠበቀውና ፈቀቅ አለ።

«የብሎኑን አናት ነው። ቢስሚላህ ይበሉ።»

ኡመይር መታ፤ ሳተ። ደገመ፤ አገኘው፣ ቮላኖው ግን ንቅንቅ አላለም። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። አልደብቅም፣ እንባዬ መጣ፤ ያን ጊዜ ቡናውን ረስቼዋለሁ። እንደገና አነሳና መታ። «ጧ!» አለ፤ ቮላኖው ተላቀቀ።

«ድሮስ የአባ ነጅላ እጅ!» ብለው ጎረቤቶቹ ጮኹ።

ኡመይር አልሳቀም። ሶሬሳን ትክ ብሎ አየው።

«የነቀለው ያንተ ማጥበቅ ነው፤ እኔ ድምፁን ነው ያሰማሁት። አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደኔ ዞረና መዶሻውን ዘረጋልኝ።

«ፈድሊያ፣ ተቀበይኝ። ደክሞኛል።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ሶሬሳ ሽብልቋን ቀይሮ ሁሉንም መልሶ ሲገጥም ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የማስነሻውን ገመድ የሳብኩት እኔ ነኝ፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ነክቼው አላውቅም። ሞተሩ ተነሳ። ኡመይር ከበርጩማው ላይ ሆኖ «ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ! እንደሱ አይሳብም!» እያለ ጮኸብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስለት ነበር። «እሺ፣ እንዴት ነው የሚሳበው?» አልኩትና አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።