ሁለቴ የተለቀቀች ቦታ

ኤፍረምና ሀኒያ አንድ በር ላይ ከተገናኙ ከኋላቸው ለቆመ ሰው ቀኑ መሸበት ማለት ነው። «ግቢ» ይላታል። «አንተ ቅደም» ትለዋለች። «ኣይፋል፣ መጀመሪያ አንቺ» ይላል። እንዲህ ሲባባሉ አዋላጇ ሲስተር የሺሀረግ ትሪዋን እንደያዘች በመሀላቸው ሰንጥቃ ታልፋለች። ቋንቋቸውም ያው ነበር። እሱ የአስመራው የቃሓውታ ሰፈር ልጅ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፤ ለእሷ ብሎ አማርኛ ያወራል። እሷ ኮምቦልቻ ተወልዳ እዚያው አስመራ ገዛ ባንዳ ያደገች የወሎ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፤ ለእሱ ብላ በትግርኛ ትመልሳለች። በስንት ጉድ በአማርኛ የተስማሙት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

የኤርትራ ነጻነት ከታወጀ አራት ዓመት ሆኖታል። ዶክተር ርግበ ጥራቮሎ ሰፈር ላለው የማዋለጃ ክሊኒኳ ሁለት ኮምፒዩተር ገዛችና መዝገቡን ወደ ማሽን እንዲያዛውሩላት እነዚህን ሁለት ልጆች ቀጠረች። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር አንስተው የጻፉት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ያለዚህ ነገሩ አይገባም። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ፕሮግራሙ በኮምፒዩተሩ የማስታወስ ክፍል (ሜሞሪ) ውስጥ አንድ ቦታ ይሰጣታል፤ ስሟ፣ የደም ዓይነቷ፣ የገባችበት ሰዓት እዚያ ይቀመጣል። ወልዳ ስትሄድ መዝገቧ ወደ ዲስክ ይገለበጥና ቦታው ለሚቀጥለዋ ይለቀቃል። ቦታው የት እንዳለ የሚያሳየውን ነገር ጠቋሚ ይሉታል። ሁለት ዓይነት ጠቋሚ ሠሩ። አንደኛው ባለቤት ነው፤ ቦታውን ይይዛል፣ የራሱ ዕድሜ ሲያበቃም ማንም ሳያስታውሰው ይለቅቃል። ሁለተኛው፣ ተራው ጠቋሚ፣ ያሳያል እንጂ የመልቀቅ ሥልጣን የለውም። ቃል የገባው አንድ ነገር ነው፤ ባዶ አይሆንም። እሱ ወዳሳየው ቦታ የሄደ ሰው አንዲት እናት ያገኛል።

እናትየዋ ስትገባ ባለቤቱ ቦታውን ለተራው ጠቋሚ ያስረክባል። ስትሄድ ደግሞ ተራው ጠቋሚ ወደ ባለቤትነት ይመለሳል፣ ባለቤቱም ዕድሜው አብቅቶ ቦታውን ይለቅቃል። ይህ መመለስ አንድ ጊዜ፣ በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚደረገው። እጁ የማን እንደሆነም ግድግዳው ላይ በለጠፉት ወረቀት በትልልቁ ተጽፏል፦ «መመለስ — ኤፍረም»።

ሰኞ ዕለት ሁለቱ የጻፉትን ገጣጥመው አዲሱን ፕሮግራም አስነሡ። ማክሰኞ ጠዋት ኣምለሰት የምትባል ሴት ገባች፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዘሚራ የምትባል ሌላ ሴት ተከተለቻት። ኣምለሰት ቶሎ ቀናትና ሴት ልጅ ወለደች። ማተሚያው የሕፃኗን የእጅ ወረቀት ጠቅ ጠቅ አድርጎ አወጣው። ሲስተር የሺሀረግ ጮክ ብላ ሳታነብ በልጅ እጅ ላይ ምንም አታስርም፤ ያስተማሯት እንዲያ ነው፣ አልተወችውም።

«የዘሚራ ልጅ» ብላ አነበበች።

«ዘሚራ ደኣ መን እያ?» አለች ኣምለሰት፣ ከትራሷ ቀና ብላ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ በሁለት ምጥ መሀል፣ ዘሚራ ጮኸች፦ «እኔ ነኝ! እኔ ግን ገና ነኝ! ያረቢ፣ ገና ነኝ!»

ሲስተር የሺሀረግ ወረቀቱን ለሁለት ቀድዳ ኪሷ ከተተችና የልጅቷን ስም በእጇ ጻፈች። ምንም ጉዳት አልደረሰም። ግን ጮክ ብላ ባታነብስ?

ዶክተር ርግበ የምትቆጣ ሴት አይደለችም። ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ቀን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባቸው። «ከዛሬ ጀምሮ በደብተር እንጽፋለን። እስከ ቅዳሜ ስሕተቱን ታገኙታላችሁ። ለአሰቡ ቅርንጫፋችን ከሁለታችሁ አንዳችሁን እልካለሁ ብዬ ነበር፤ ማንን እንደምልክ ጨንቆኝ ከረመ። አሁን ቀለለኝ። ይህን ያደረገው ሰው ይሄዳል። እዚያ የሚመዘገበው መድኃኒት ብቻ ነው፣ ሕፃን የለበትም።»

«የኔ ጥፋት ነው ዶክተር» አለ ኤፍረም፣ ማንም አንድ መስመር ሳያነብ። «መመለሱ የኔ ሥራ ነው።»

ሀኒያ ደስ አላት። እንዲህ ብዬ መጻፌ ያሳፍራታል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ደስ አላት። እናቷ ዓሊማ ዐይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ የሰው ፊት አይለዩም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ገዛ ባንዳ ባለችው ቤት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ ወደ ቀይ ባሕር ዳር ብትሄድ እናቷን ማን ያያቸዋል? ይህን ጥያቄ ለራሷ ጠይቃ መልስ አግኝታ አታውቅም። አሁን ኤፍረም መለሰላት።

ረቡዕና ሐሙስ የኤፍረምን ፋይል ከላይ እስከ ታች አበጠሩት። መመለሱ አንድ ቦታ አለ፣ አንድ ጊዜ ይደረጋል፣ ንጹሕ ነው። ዓርብ ጠዋት እሱ ለወረቀት ግዢ ሲወጣ ሀኒያ የራሷን ከፈተች፤ ስሕተት አገኛለሁ ብላ አልነበረም፣ ስታግዘው እንድትታይ ነው። የማታውን መዝጊያ የሚሠራው ክፍል ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ስምንት መስመር። ዛሬ የወጡትን እናቶች ጠቋሚ አንድ በአንድ ወስዶ ወደ ባለቤትነት ይመልሳል።

መቼ እንደጻፈችው አስታወሰች። ከሦስት ሳምንት በፊት ኤፍረም አጎቱ ሞተውበት ሐዘን ተቀምጦ ነበር። ሲመለስ በፍሎፒ የሰጣትን ፋይል አየችና መመለሱ የለበትም። ረስቶታል አለች። «ረሳህ» ብትለው ያፍራል፤ ሐዘንተኛ ሰው በሥራ ይወቀሳል እንዴ? ይሉኝታ ያዛትና በራሷ በኩል ዝም ብላ ጨመረችለት፣ ለመርዳት። እሱ ደግሞ አልረሳም፤ በማግስቱ በቦታው ጻፈው። ሰኞ ሁለቱ ተገጣጠሙ። በዚያው ቀን አንዲት እናት ወጣች፤ ቦታዋን ቀን እሱ ለቀቀው፣ ማታ እሷ ደግማ ለቀቀችው። የባዶ ቦታዎች ዝርዝር ላይ አንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ተጻፈ። ማክሰኞ መጀመሪያ ለኣምለሰት ተሰጠ፣ ቀጥሎም እንደገና ለዘሚራ፤ የዘሚራ ስም የኣምለሰትን አጠፋው።

እጇ የፊደል ሰሌዳው ላይ እንዳለ ቀረ። ስምንቱን መስመር አጥፍታ ዝም ብትል ማን ያውቃል? ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷል፣ እናቷ ጠዋሪ አላቸው፣ ፕሮግራሙም ይስተካከላል። እንዲህ የሚያመች ውሸት በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም። ማጥፊያውን ቁልፍ ሳትጫን ረጅም ጊዜ ተቀመጠች።

ኤፍረም ወረቀቱን በሁለት ብብቱ አቅፎ ሲገባ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት።

አላነበበም። «አይቼዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ሰኞ፣ ስንገጣጥም በዐይኔ አልፌበት ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ማክሰኞ ሲስተር ስትጮኽ ገባኝ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በቃ ግደፊው፣ ተዪው፣ ሀኒያ። አንቺ እናት አለችሽ። እኔ ሐደ ሰብ ነኝ፣ ብቻዬን፤ አሰብም ሆነ አስመራ ለኔ አንድ ነው።»

ሀኒያ ብድግ አለች። «ማን ለመነህ? ሁለት ቀን ሙሉ ፋይልህን ሳበጥር ቁጭ ብለህ ስታየኝ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ከበደኝ።»

«እኔም እንዲህ ከብዶኝ ነው ሁለት ሴት በአንድ ቦታ ያስተኛሁት!»

ኤፍረም አንገቱን ደፋ። ሀኒያ ወጣች፣ እሱም ተከተላት። የዶክተር ርግበ ቢሮ በር ላይ ሁለቱ ሲደርሱ ሀኒያ ቅደም ሳትለው ቀድማ ገባች።

«የኔ ነው ዶክተር» አለች።

«አይደለም፣ የኔ ነው» አለ ኤፍረም ከኋላዋ። አፉ ለምዶበት።

ዶክተር ርግበ መነጽሯን አወለቀች። «አንድ ጥፋት ሁለት ሰው አይወስደውም። ኤፍረም፣ እኔን እያየህ ንገረኝ። ማነው የጻፈው?»

ውጭ ታክሲ ጥሩምባ ነፋ። ኤፍረም ሀኒያን አየ፣ ወለሉን አየ፣ በመጨረሻም ዶክተሯን አየ።

«እሷ ናት» አለ።

ሀኒያ ይህን እንዲል ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ ሲለው ግን ከፋት። ሳይሸፍንላት እውነቱን መናገሩ ከእሱ ያገኘችው ትልቁ ክብር እንደሆነ እያወቀች ከፋት።

«ሕራይ» አለች ዶክተር ርግበ። «ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አሰብ ትሄጃለሽ። ዛሬ ግማሽ ቀን አለሽ፤ ሂጂና ለእናትሽ ንገሪ።»

ሀኒያ ወደ ገዛ ባንዳ በእግሯ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር፤ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ትልካቸዋለች፣ ወይም ሴት ልጅ ትቀጥርላቸዋለች፣ ወይም ሥራውን ትተወዋለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ በርዋ ላይ ደረሰች። ቤቱ ተቆልፏል። እናቷ የሉም።

ጎረቤቱን ልትጠራ ስትሮጥ ከማዕዘኑ ከጨርቅ ነጋዴው ከአቶ ኣባዲ ሱቅ ሳቅ ሰማች። እናቷ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው አንድ ጣቃ ጨርቅ በክንዳቸው እየለኩ ነው። አራት ሴቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«እማ!»

ዓሊማ መቀሱን አስቀመጡ። «ሀኒዬ? ዛሬ ምነው ቶሎ መጣሽ?» አሉ፣ ስኳር ስትሰርቅ እንደተያዘች ልጅ።

እየመራቻቸው ሳይሆን አጠገባቸው እየሄደች ቤት ገቡ። ሀኒያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስምንቱን መስመር፣ ሕፃኗን፣ አሰብን። ዓሊማ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ ስትጨርስ። «በይ እንግዲህ ሂጂ።»

«አንቺስ እማ? ማን ያይሻል?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ? ይቺው ቤት፣ ይቺው ሱቅ። የፈለገኝ ያገኘኛል። ወላሂ ስሚኝ፤ ዐይኔ ነው የደከመው፣ እኔ አለሁ። ሱቅ ስውል ሁለት ዓመቴ ነው።» የሀኒያን ጉልበት በእጃቸው ፈልገው ያዙ። «አንቺ ጠዋት ሻሂ አፍልተሽ በፔርሙዝ ትተሽልኝ ትሄጃለሽ። በሩን ስትዘጊው እደፋዋለሁ፤ የራሴን አፈላለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ።»

ሀኒያ ሳቀችም አለቀሰችም። ዛሬ ዓሊማ ቸኩለው ወጥተው ኖሮ ፔርሙዙ ጠረጴዛው ላይ እንደሞላ አገኘችው። ብርጭቆ አነሣችና ቀድታ ቀመሰችው። እውነትም የሚጠጣ አልነበረም።