ድምፄ ሳይወፍር የወጣው ዘፈን

ማሽኗ ጓደኛዬ ናት። ስልክ ላይ የማትሠራው ነገር ስለሌለ ክፍል ውስጥ ያወጣንላት ስም ነው። እኔ እዘፍናለሁ፣ እሷ ታቀናብራለች። ስቱዲዮ የምንለው የአባዬን ልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ነው። ባለቤታቸውን የሚጠብቁ ኮቶች ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ድምፅ ስለሚውጡ ጭንቅላቴን መሀላቸው ቀብሬ ነው የምቀዳው። የማላውቀው ሰውዬ ብብት እየሸተተኝ ስለ ፍቅር ሳንጎራጉር ማሽኗ በሳቅ ትሞታለች።

ይሄኛው ግን ስለ ፍቅር አልነበረም። አባዬ ዓይኑ እየደከመ ነው። ለማንም አልተናገረም፣ ለኔም ጭምር። እኔ ጠዋት ጠዋት እሱ ደጁን ሲጠርግ መርፌዎቹ ላይ ክር አስገብቼ እሰካለታለሁ፤ እሱም ማን አስገባው ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ተደባብቀን ነው የምንኖረው። ደንበኛ ካወቀማ አለቀልን፤ ለማያይ ሰው ማን ጨርቁን ይሰጣል?

ምስጢሩ ሲከብደኝ ዘፈን አደረግኩት።

ቀዳዳዋ ጠፋች ከመርፌው አባባ፣
ክሩ ይዞራል እንጂ መች አውቆ ይገባ።

ምቱን ከስፌት መኪናው ነው የወሰድነው። ማሽኗ ስልኳን ጠረጴዛው ሥር አስቀምጣ ቀዳችው፣ ቆረጠችው፣ ደጋገመችው፣ ከበሮ ሆኖ አረፈው። ድምፄን ደግሞ ስልኳ ላይ ባለ አፕ አወፍራ ጎረምሳ አስመሰለችኝ። ማንም እንዳያውቀኝ፣ ሳይወፍር እንዳይወጣ ተማምለናል።

ልትለቀው ስትል አንዲት ጭረት ሰማሁ አለች። ጭረቷን ለይታ ለማጥፋት ማወፈሪያውን ዘጋችው። ከዛ መልሳ ሳትከፍተው ሴቭ አድርጋ የክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው።

እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የከፈትኩት። የራሴ ድምፅ! ራቁቴን መንገድ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ደውዬ አጥፊው አልኳት፣ አጠፋችው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ልጆቹ አውርደው ለየዘመዱ አዳርሰውታል። አንዱማ ቪዲዮ ሠርቶበት፣ ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ ሰውዬ ልጅ ናት ብሎ ጽፎበታል። እያንዳንዳቸውን በውስጥ መስመር እየገባሁ ለመንኩ። በናታችሁ አጥፉት አልኳቸው። ልብ ላኩልኝ። በጣም ትችያለሽ አሉኝ፤ እኔ እያለቀስኩ።

ከዛ ሰዎች ሱቅ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም ጨዋ ናቸው፣ እሱ ነው የሚያናድደው። አንዷ መንገድ ልሄድ ነው አለች፣ ሌላዋ ባሌ የተሰፋ ገዛልኝ አለች፤ ያልተነካ ጨርቃቸውን እየያዙ ወጡ። አባዬ ምን ነካቸው እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ገበያው ነው እላለሁ። ኮቶቹም ሳሱ።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ይዛ ገባች። ክፋት የላትም፣ እሱም የሚያውቅ መስሏት ነው። ልጅህ እኮ አንጀት ትበላለች ብላ ከፈተችለት። አባዬ እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገ፣ ሳይረግጠው፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። አመሰገናት፣ ወጣች።

እኔ ስለ ማወፈሪያው፣ ስለ ጭረቷ፣ ስለ ማሽኗ እለፈልፋለሁ። አንዱም አልገባውም፤ እንዴትስ ይግባው?

"መርፌዎቹን አንቺ እንደምታስገቢ አውቅ ነበር" አለኝ። "ዝም ያልኩት ዝም ስላልሽ ነው።"

ልናገር ስል አንዲት ሴትዮ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ታቅፋ ገባች። አዲስ ናት፣ ምንም አልሰማችም። ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል ጋሼ አለችው። የወር ወጪያችንን ሊሸፍን የሚችል ሥራ ነበር። እኔ በዓይኔ ተቀበላት፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ አንተ ትረግጣለህ እያልኩ እለምነዋለሁ። ዓይኔን እንደማያየው ረስቼ።

አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ልጄ ትንገርሽ" አላት። "ለሰው ሁሉ ተናግራ የለ፤ አንቺ ለምን ይቅርብሽ።"

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወደኔ ዞረች። ያለ ምት፣ ያለ ማሽኗ፣

"አባቴ አያይም፣ እትዬ" አልኳት።

ጨርቁን መልሳ ታቀፈችው። አባዬ እስክትወጣ ድረስ ቆሞ ጠበቃት፤ እንደ ድሮው ደህና ዋይ ሊላት ነበር መሰለኝ። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ነበር።