የጣሰው ቀኝ እጅ

«ቀኝ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ፣ አባባ» አለች ሐኪሟ።

ጣሰው ግራውን አነሳ።

ሚስቱ አመተ ማርያም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ጠመዘዘች። የልጅ ልጇን ለጎረቤት ትታ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣችው ለዚያ እጅ ነው። ባድመ ላይ ትከሻው ውስጥ የገባው ፍንጣሪ እያደር ክንዱን አደረቀበት። የጉዳት ጡረታ እንዲወሰንለት ለጡረታ ቦርዱ ያቀረበው ይግባኝ ግን «ተጨማሪ የሕክምና ማስረጃ ይቅረብ» ተብሎ ተመልሷል። ጥፋቱ የዕድሩ ሰዎች ነው። መስክሩለት ሲባሉ ሰውን በጽሑፍ ማሳነስ ነውር ሆነባቸውና «ጣሰው ብርቱ ገበሬ ነው፤ በአጨዳ ማንም አይቀድመው» ብለው ማኅተም መቱበት።

«ቀኝዎን ነው ያልኩት።»

«ይኸኛውም የኔው ነው፣ ልጄ።»

ሐኪሟ ሳቀች። አመተ ማርያም አልሳቀችም።

«አንተ ቀልድ። እነሱ ደግሞ ወረቀትህን ይመልሱልህ» አለች።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። ክፋቱ እሱ አይደል።»

ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። «ብረቱ ይታያል። ቦርዱ ማወቅ የሚፈልገው ግን ምን እንደከለከለዎት ነው። ያምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

እስክሪብቶዋ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ አመተ ማርያም ብድግ አለች። «እሱ ሰላምታ ነው፣ የኔ ልጅ። እንዳትጽፊው።»

«ከራሳቸው ልስማ፣ እማማ።»

አመተ ማርያም ባሏን አየችው። ብትናገርበት ሳምንት ሙሉ እንደሚያኮርፋት ታውቃለች፤ ባትናገር ደግሞ ወረቀቱ እንደ ዕድሩ ደብዳቤ ሊሆን ነው። ምናልባት የሚያፍረው እሷን ይሆናል።

«እኔ ውጭ ልሁን» አለችና ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ፣ አትሂጂ።» ጣሰው ወለሉን እያየ ነበር። «ጻፊ፣ ልጄ። ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ እሷ ናት። የምጎርሰውም በግራዬ ነው፤ ከሰው ማዕድ የምሸሸው ለዚህ ነው። እንደ ዛሬ ሲበርድ ያመኛል።»

ሐኪሟ ጻፈች። አልቸኮለችም። ከዚያ «ትከሻዎን ልየው፤ ሸሚዝዎን ያውልቁ» አለችው።

የግራ እጁ ወደ አንገቱ ተነሣና መልሶ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ።

«ነይ ፍቺልኝ» አላት ሚስቱን።

በሰው ፊት ሲላት የመጀመሪያው ነው። አመተ ማርያም ተመለሰችና ከላይኛው ቁልፍ ጀመረች።