ውሃ የሚጠጣው ዱቄት

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ልጃቸው ግሩም የሕፃን ዳይፐር በመቀስ ሲተለትል ባዩት ጊዜ፣ «በቃ፣ ልጄ ለየለት» አሉ በሆዳቸው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ፣ ካራ ባለችው ቤታቸው ወለል ላይ ተዘርፍጦ፣ ከጥጡ ውስጥ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ጋዜጣ ላይ ያራግፋል።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ የሚጠጣ ዱቄት ነው፣ እማዬ። ኩባያ ውስጥ አደርገውና ውሃ እጨምርበታለሁ። ከዚያ የልጄ የናዚ አናት ላይ ስገለብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ብቻ ቀድሞ ውሃ እንዳይነካው፣ አደራ።»

«አናቷ ላይ? የልጅቷን አናት በምትሐት ልትነካካ?»

«ምትሐት አይደለም እኮ! ከዳይፐር ሳወጣው ዓይንሽ እያየ!»

እሳቸው ግን አላመኑም። ዘንድሮ ክፉ ነገር በምን በኩል እንደሚገባ በምን ይታወቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ የነበረችው ሒሩት ከግሩም ከተለያየች ሦስት ዓመቷ ነው። ልጃቸውን ናዝራዊትን ይዛ፣ አምሃ ከሚባል ሰው ጋር ሲግናል አካባቢ ትኖራለች። ልጅቷ አዲሱ ትምህርት ቤት ስትገባ ለጓደኞቿ «አባቴ አምሃ ነው» ብላ አረፈችው፤ ካራ መምጣትም ካቆመች ዓመት አለፋት። ግሩም ለምኖ ለምኖ ቢያስቸግር፣ ሒሩት በስልክ አንድ ነገር አለችው።

«አላስገድዳትም። ለሰባት ዓመት ልደቷ አስማተኛ ሆነህ ና። ደስ ካላት ራሷ ጓደኞቿ ፊት ‹አባቴ ነው› ትበል። ካለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ጋ ትውላለች።»

ሦስት ወር ሙሉ ከስልኩ ላይ እያየ ተለማመደ። ወይዘሮ የማርያምወርቅም ለቅዳሜ ብለው ትንሿን አልጋ አንጥፈው፣ አንሶላውን ሁለት ጊዜ አጥበው፣ መልሰው አነጠፉ።

የልደቱ ዕለት ጠዋት ግሩም ሊታጠብ ሲወጣ ሻንጣውን ከፈቱት። ዱቄቱ ያለባቸው ሦስት የወረቀት ኩባያዎች ተደርድረዋል። ከእንጦጦ ራጉኤል ያመጡትን ጸበል ከፕላስቲክ ጠርሙሱ በክዳን እየለኩ፣ በስመ አብ እያሉ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ክዳን ጨመሩ። ውሃ እንዳይነካው ብሏል፤ ልክ ነው። ጸበል ግን ውሃ ነው እንዴ? የሕፃን አናት ላይ ሊደፋ የተዘጋጀን ነገር ሳይባርኩ ይሰዱታል? ሻንጣውን እንደነበረ ዘግተው ነጠላቸውን አጣፉ።

የሒሩት ቤት ፊኛ በፊኛ ሆኗል። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለዋል።

«እርስዎ የማን ነዎት?» አለቻቸው አንዲት የተኳኳለች እናት።

«የአስማተኛው እናት ነኝ» አሉ ቶሎ ብለው። አያቷ ነኝ እንዳይሉ ሒሩት አስጠንቅቃቸው ነበር።

ግሩም ጥቁር ካባውን ደርቦ ጀመረ። ከእጅጌው መሐረብ ሲመዝ፣ ቀይ ሲያልቅ ቢጫ፣ ቢጫ ሲያልቅ አረንጓዴ፣ ልጆቹ ጮኹ። ከአንዱ ልጅ ጆሮ ኳስ ሲያወጣ ናዝራዊት ሳቀች፤ የፊት ጥርሷ የወለቀበት ድዷ ታየ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ልባቸው ዘለለች። ትለዋለች፤ ዛሬ ትለዋለች።

«አሁን ደግሞ የልደቷ ባለቤት ትምጣልኝ!»

መጣች። ፀጉሯ ተተኩሶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ግሩም ኩባያውን ከፍ አድርጎ ውሃ ጨመረበት፣ እጁን በላዩ ላይ አዟዟረ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አለና አናቷ ላይ ገለበጠው።

ውሃው እንዳለ ወረደ። ተከትሎ የተዝለገለገ ነገር ዷ ብሎ ፀጉሯ ላይ ወደቀና በግንባሯ ተንሸራተተ።

«ንፍጥ! ናዚ ላይ ንፍጥ ደፋባት!» አለ አንዱ። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ።

ግሩም ሌላውን ኩባያ አንስቶ ውስጡን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቱን አየ። አተያዩ ቆረጣቸው። መቀመጫቸውን ለቀው ተነሡ።

«ጸበል ነው! አትፍሪ ናዝዬ፣ የራጉኤል ጸበል ነው! እኔ ነኝ የጨመርኩበት፣ አባትሽ ምንም አላጠፋም!»

ሳቁ ቀጥ አለ። አጠገቧ የነበረችው ጓደኛዋ ሔራን አፏን ከፍታ ቀረች።

«ናዚ፣ አባትሽ እሱ ነው እንዴ? አባቴ አምሃ ነው አላልሽም?»

ናዝራዊት ከአገጯ ውሃ እየተንጠባጠበ ግሩምን አየችው። እሱ መሐረብ ይዞ ተንበርክኮ፣ ሊጠርጋት ፈርቶ፣ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሏል።

«አይደለም» አለች። «ሴትዮዋ ተሳስተው ነው።»

አምሃ መጥቶ አቀፋትና ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰዳት። ሲያልፍ የግሩምን ትከሻ ነካ አደረገ። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር። ሒሩት በሩ ድረስ ሸኘቻቸው።

«ምናለ ዝም ቢሉ ኖሮ፣ እማማ?»

«ቅዳሜስ?»

«የቱ ቅዳሜ?» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የካራ ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነበር። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ ግሩሜ።»

«አይደለሽም።»

«ዱቄቱን ያበላሸሁት እኔ! የለፈለፍኩትም እኔ!»

«ስንደርስ በር የከፈተችልን ናዚ ነበረች» አለ፣ ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዞረ። «አንቺ ጫማሽን ስታራግፊ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና ‹አባቷ ነኝ ብለህ እንዳትናገር፣ እሺ?› አለችኝ። እሺ አልኳት።»

«ታዲያ አውቀህ ያን ሁሉ ምን አለፋህ?»

«ልደቷ ነው እኮ፣ እማዬ።»

በሩን ማን እንደከፈተ ሊያስታውሱ ሞከሩ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያራግፉ የታያቸው የበሩ ምንጣፍ ብቻ ነው። እውነቱን ይሁን፣ እሳቸውን ሊያስታግሥ ፈጥሮት ይሁን፣ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስም አላወቁትም።

«ካራ! ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!» አለ ረዳቱ።

«ግቢ» አላቸው ግሩም። ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ከኋላ ወንበር አጠገባቸው ተቀመጠ።